የዘንድሮው ሻይ

ጓንግዡ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.

ውድ ታላቅ ወንድሜ ሸንግፉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ከሁሉም በላይ አባባ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ይህ የጓንግዡ ዝናብ ሲያባራ ይተወኛል።

ለሙታን መታሰቢያ በዓል መጥቼ የእማማን መቃብር ሳልጠርግ በመቅረቴ እንዳልቀየምህ ለምነኸኛል። ተቀይሜሃለሁ። "ናዳ መንገዱን ዘግቶታል፣ ዘንድሮ አትምጪ" ብለህ ጻፍክልኝ፤ ያው ናዳ ግን ደብዳቤህን አላገደውም። እኔ እዚህ የሻይ ገበያ ውስጥ ተቀምጬ የሰው ፊት ሳነብ ነው የምውለው። ያንተን ወረቀት ማንበብ አያቅተኝም። የማትፈልገኝ ምክንያት አለህ፣ ምክንያቱ ግን ናዳ አይደለም።

ብርዱ ከገባ ጀምሮ ምግብ አባባ ጉሮሮ ላይ እየቆመ እንደሚያስቸግራቸው ከነገርከኝ ወዲህ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነባለሁ። "ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል አለ" ብለሃል። ሐኪም ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ የጠየቅኩህ ይድናሉ ወይ ብዬ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከባሰባቸው ከተማ ውረድና ቴሌግራም ምታልኝ። "ሜይጁ ነይ" የሚል ይበቃኛል። ሱቁን ቆልፌ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ዓይናቸውን ሳላይ እንዳይሄዱብኝ። እማማ ጊዜም አልደረስኩም፤ ያንን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚህ ሌላ ካንተ የምፈልገው የለም።

ያ ፈረንጅ ዘንድሮም ይመጣል ወይ ብለሃል። ይመጣል፤ ትልቁ የንግድ ትርዒት ሲያልቅ እመጣለሁ ብሎ ካርድ ልኮልኛል። ሆላንዳዊ ነው፤ የገዛ ስሙን ማናችንም መጥራት ስላቃተን "አቶ ማ" ብለነዋል። አምና ያደረገውን ለአባባ አንብብላቸው፣ ይስቁ ይሆናል። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ገበያውን ከጫፍ ጀመረ። እኛ ስንቀምስ አፋችንን አርሰን እንተፋለን። እሱ መትፋት ነውር መስሎት በየሱቁ የተቀዳለትን ሁሉ እየዋጠ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ በላብ ተጠምቆ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ልቤ እየሮጠ ነው፣ ሐኪም ጥሩልኝ" አለ። ጎረቤቴ አጎት ኬ አዩት አዩትና "ምንም አልሆነም፣ ሻይ ሰክሮ ነው" ብለው የኦቾሎኒ ከረሜላ በግድ አጎረሱት። ሲረጋጋ የአባባን ሻይ ቀዳሁለት። እስከ ጠብታው ጠጣው። ስኒውን አስቀምጦ "ይህን የሠራው ማነው?" አለኝ። "አባቴ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ሰው እጅ የወጣ አልገዛም ይላል።

መልስህን ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ሜይጁ


ላይኛው ጋኦ መንደር፣ አንሺ፣ ኤፕሪል 19

ውድ እህቴ ሜይጁ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የላክሽው ደብዳቤ፣ አስከትለሽ የላክሻትም የጥያቄ ወረቀት በሰላም ደርሰውናል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ለሻዩ ተስማምቶታል፤ ቡቃያው ካምናው የበለጠ ነው። መንገዱም ሊከፈት ነው ይባላል።

አባባ ምን ይበላሉ ላልሽው፣ የሩዝ ገንፎ ይበላሉ። ትናንት አንድ ሳህን ጨርሰው ጭማሪ ጠይቀዋል። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ደጃፍ ላይ አወጣላቸውና ፀሐይ ይሞቃሉ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይሰድባሉ። ዋንግ ሽማግሌው በዚያ ሲያልፉ "አንተ ገና አልሞትክም?" ብለዋቸው ሰውየው ተቆጥተው ሄደዋል። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ጤና ከየት ይመጣል?

የሐኪሙን ወረቀት ላክልኝ ብለሻል። ወረቀቱ ከተማ ሐኪም ቤት ቀርቷል፤ ስወርድ ጠይቄ አመጣለሁ። ሌሊት ያስላቸዋል ወይ ላልሽው፣ ትንሽ ያስላቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ የማያስለው የለም።

ልምጣ ወይ የሚለውን ጥያቄሽን ለእሳቸው ለራሳቸው አነበብኩላቸው። "ቅጠል ሊለቀም ሲል ሱቋን ዘግታ የምትመጣ ነጋዴ ልጄ አይደለችም። እዚያው ትቀመጥና ሻዬን ትሽጥ" ነው ያሉት። ቃላቸውን እንዳለ ነው የጻፍኩልሽ። የዘንድሮውንም ሻይ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ለፈረንጁ ይህንኑ ንገሪው።

የፈረንጁን ነገር ሳነብላቸው በጣም ሳቁ። "ሻይ ሰክሮ ነው" የሚለውን ደግመህ አንብብ አሉኝ።

ሐሳብ አይግባሽ። ስለ ሁሉም እኔ አለሁ።

ወንድምሽ ሸንግፉ


ጓንግዡ፣ ኤፕሪል 28

ውድ ወንድሜ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና አይደለሁም፣ ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

ምን አስጨነቀሽ ብለህ በፖስተኛው በኩል የላክሃት ቁራጭ ወረቀት ትናንት ደረሰችኝ። ያስጨነቀኝ ገንፎው ነው። በሕይወትህ ማን ምን እንደበላ ጽፈህልኝ አታውቅም። ስታገባ እንኳ "ሰርጉ አለፈ" ብለህ ነው የጻፍከው። አሁን ግን ሳህን ትቆጥርልኛለህ፣ ዋንግ ሽማግሌው ምን እንደተባሉ ትተርክልኛለህ። አንተ ወሬ ስታበዛ አላምንህም።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። አባባ ከደብዳቤህ ግርጌ አንድ መስመር በገዛ እጃቸው ሳይጽፉልኝ ቀርተው አያውቁም። ያችው አንዲት መስመር ናት፣ እኔም እየሳቅሁባት ነው የኖርኩት፦ "ሽቶ ያለው ሳሙና እንዳትገዢ፣ ነጭ ሽንኩርት ሱቅ ውስጥ እንዳትበዪ፣ ሻይ የቀረበውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል።" ባለቤትህን ገና እጮኛህ ሳለች ፀጉሯን በሽቶ ዘይት ተቀብታ ስትመጣ ሻዩ ከሚሠራበት ቤት እንዳባረሯት አትርሳ። ልጅቷ አልቅሳ ነው የተመለሰችው። እንዲህ ያሉ ሰው አሁን ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ስለ ሳሙናዬ ዝም ካሉ፣ ብዕር መያዝ አቅቷቸዋል ማለት ነው።

ከትናንት ወዲያ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከፊት ለፊቴ የምትሸጠው ወይዘሮ ሊያኦ አየችና "ለምን ትቆሚያለሽ? ሂጂ። ሱቅሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ" አለች። "ደንበኞቼንስ?" አልኳት። "እነሱንማ እወስዳቸዋለሁ፣ ሌላ ምን ላደርግ?" አለችና ስቃ ስቃ ስታበቃ ደግሞ ለመንገድ የሚሆን እንቁላል ቀቅላ አመጣችልኝ።

ያልሄድኩት "ልጄ አይደለችም" በሚለው ቃል ነው። እንደሱ ብለው ከሆነ ገብቼ ባስቆጣቸው ይብሳቸዋል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ጉሮሮ ይጮሁብኛል። ስለዚህ አንድ መስመር አስጽፍልኝ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ግድ የለኝም፣ እንደ ሕፃን ጭረት ይሁን። መስመሯ ካልመጣች ሌላ መልስ ሳልጠብቅ እመጣለሁ።

ሜይጁ


ላይኛው ጋኦ መንደር፣ ሜይ 13

ውድ እህቴ ሜይጁ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ምላሹ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የለቀማ ሰሞን እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ራስን ቀና ለማድረግ እንኳ ጊዜ የለም። ባለቤቴም ሰላም ትልሻለች። ልጆቹም ሰላም ይሉሻል።

ሻንጣሽን ፍቺው። መምጣት አያስፈልግም። አባባ ለአየር ለውጥ ወደ ላይ ወጥተዋል፣ ዛፍ ጥላ ያለበት ጥሩ ቦታ ነው፤ ታውቂዋለሽ። አሁን በሰላም ይተኛሉ። ሳሉ ትቷቸዋል፣ የጉሮሯቸውም ሕመም ትቷቸዋል። ማንንም አያስቸግሩም። መስመር ያልጻፉልሽ እዚህ ከእኔ ጋር ስለሌሉ ነው።

የዘንድሮው ሻይ ትናንት በጭነት መኪና ተልኳል፤ ሣጥኖቹ በሳምንት ውስጥ ይደርሱሻል። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ስትቀምሺው ትንሽ ጭስ ጭስ ቢልሽ አትደናገጪ። የለመድነው የከሰል እንጨት ስላለቀ ሌላ እንጨት ነው የተጠቀምነው። ደንበኞችሽ ከጠየቁሽ እንዲሁ በያቸው። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ምንም የለበትም። የአባባ ሻይ ነው።

ከእኛ አገር የመጣ ሰው ገበያው ውስጥ አግኝቶሽ አንዳንድ ወሬ ቢነግርሽ እኔን ሳትጠይቂ አትመኚ። የሰው አፍ ሥራ የለውም።

እባክሽ ጤናሽን ጠብቂ። ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ እሺው።

ወንድምሽ ሸንግፉ


ጓንግዡ፣ ሜይ 25

ሸንግፉ፣

ፈረንጁ መጣ ወይ፣ ሻዩን ወደደው ወይ ብለህ በጭነት መኪናው ሾፌር ልከህብኛል። መጥቷል። ደብዳቤህ ከሣጥኖቹ ጋር ነው የደረሰኝ፤ ፈረንጁን ሸኝቼ ልመጣ ሻንጣዬን ሳልፈታ ጠበቅሁ። ሁሉንም ልንገርህ፣ ከዚያ አንተ ትነግረኛለህ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ነው የመጣው። ከሩቅ የታሸገ ዳቦ ያለበት ከረጢት እያውለበለበ "ዘንድሮ በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ገበያው ሁሉ ሳቀለት። አጎት ኬ ወዲያው ወንበራቸውን ይዘው መጡ፤ ፈረንጅ ሲቀምስ ማየት ይወዳሉ። ወይዘሮ ሊያኦም የራሷን ሱቅ ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ዛሬ ካልሰከርክ እኔ እሰክርልሃለሁ" አለችው። እሱ ነገሩ ባይገባውም ሳቀ።

መጀመሪያ አፉን ለማሟሸት ከአጎት ኬ ሱቅ የመጣ ቀለል ያለ ሻይ ቀዳሁለት። ስኒ በሞላሁለት ቁጥር ለምስጋና በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። እኛ አንዴ ነካ አድርገን እንተወዋለን። እሱ ስኒዎቹ እስኪዘሉ ይደበድበዋል። አጎት ኬ "ቀስ፣ ጠረጴዛው ምን አደረገህ?" አሉት። ከዚያ እሳቸው ባስተማሩት መሠረት ሳብ አድርጎ በጩኸት ጠጣ። "ጥሩ ነው፣ ግን እኔ የመጣሁት ለጋኦ ሽማግሌው፣ ለአባትሽ ሻይ ነው" አለ።

ደንቡ እንደሚለው ሣጥኑን በፊታቸው ከፈትኩ። ቅጠሉ ያምር ነበር፤ ጥቅልል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከባድ። ቅጠሉን ያጠብኩበትን የመጀመሪያ ውሃ ደፋሁና ሽታ የሚይዘውን የማፍያውን ስኒ ክዳን ለማሽተት አነሳሁት። የሆነ ነገር አፍንጫዬን ነካው። ከሰል ነው አልኩ። አንተ ጽፈህልኝ የለ? "ዘንድሮ ወንድሜ ሌላ እንጨት ተጠቅሞ ነው" ብዬ አስቀድሜ ነገርኳቸውና ክዳኑን ለአጎት ኬ ሰጠኋቸው።

አጎት ኬ ክዳኑን አፍንጫቸው ላይ ብዙ አቆዩት። ከዚያ ለወይዘሮ ሊያኦ አሳለፉላት። ሊያኦን ታውቃታለህ፣ በእንቅልፏም ታወራለች። አሸተተችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ክንዴን አየች። ሸሚዜ ላይ ምን ትፈልጋለች ብዬ እኔም ክንዴን አየሁት። አሁን ነው የገባኝ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን የሐዘን ጨርቅ እየፈለገች ነበር። አባቴን ቀብሬ፣ ሰው ሐዘን ካለበት ጠረጴዛ እንዳይሸሽብኝ ጨርቁን አውልቄ የምነግድ መስሏቸው ነበር። እንደዚያ መስሏቸውም ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም፤ ስኒያቸውን አንስተው ጠጡ።

አቶ ማ ግን ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና ጠጣ። "እንዴት ግሩም ነው" አለ። "አባትሽ ዘንድሮ ምን ጨመሩበት? ትናንት ያየሁት ቤተ መቅደስ ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው። ያ ሰዎች የሚያቃጥሉት ቀጭን እንጨት።"

ሊያኦ "ዝም ብለህ ጠጣ" አለችው።

እሱ ቻይንኛው የተበላሸበት መሰለውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ከዚያም ተነሥቶ በእጁ ያሳየን ጀመር። መዳፎቹን ገጥሞ፣ የዕጣኑን እንጨት እንደያዘ ሆኖ፣ በሻዬ ፊት ጎንበስ አለ። ቀና ብሎ እንደገና ጎንበስ አለ። ለሙታን እንደሚሰገደው ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰግድ አጎት ኬ ክንዱን ያዙት።

"ሜይጁ፣" አሉኝ፣ "አባትሽ መቼ ነው?"

"መቼ ምን?" አልኳቸው።

ሊያኦ ነች የቀደመችው። "አጎት ኬ፣ ልጅቷ አታውቅም" አለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ግን ቃሉ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ምን እንደሆነ በቅጡ አላስታውስም። ውሃው ፈልቶ እየገነፈለ ነበር፣ የሚያነሳው ጠፋ። አጎት ኬ ፈረንጁን ይዘውት ወጡ። ሊያኦ ሱቄን ዘጋችልኝ።

ሻንጣዬን አንስቼ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ነበር። እዚያ ቆሜ፣ ለምንድን ነው የምቸኩለው አልኩ። ሻይ አንድ ቀን በጨሰ ዕጣን እንዲህ አይሆንም። ቀን ከሌት ሲጨስ ሰንብቶ ነው። አልቋል፣ ተቀብረዋል፣ ዛፍ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ናቸው። ተመለስኩ።

አሁን ያንተ ተራ ነው። የሻዩ ቤት ግድግዳ ሥር ለማን ነው ዕጣን ያጨስከው? ስማቸውን በእጅህ ጻፍልኝ።


ላይኛው ጋኦ መንደር፣ ጁን 3

ሜይጁ፣

ለአባታችን ለጋኦ ዩንሻን ነው። ሜይ 2 ቀን ጎሕ ሲቀድ አረፉ።

ማብራሪያ አልፈልግም እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ግን ማታ ማታ ብቻዬን ለራሴ ከምናገረው ለአንቺ ልንገርሽ።

ሐኪሙ በጃንዋሪ ነው የነገረኝ። ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ ነው፣ አይወጣም አለ። ገንፎ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። በኤፕሪል ውሃም አይወርድላቸውም ነበር፤ ከንፈራቸውን በጥጥ ነበር የምናረጥበው። ደጃፍ ላይ አልወጡም፣ ዋንግ ሽማግሌውንም አልሰደቡም። "ልጄ አይደለችም" የሚለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሳቸው ያሉት "ጥራት" ነው። በየቀኑ "ጠራሃት?" ይሉኛል። "ጠርቻታለሁ፣ መንገድ ላይ ናት" እላቸዋለሁ። መኪና በመንደሩ ሲያልፍ ባለቤቴን "እስቲ እያት" ይሏታል። በመጨረሻዋ ቀን መናገር አልቻሉም፣ ግን ሞተር በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞሩ ነበር።

ቴሌግራም ልመታ ከተማ ወርጄ ነበር። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አሰብኩ። ከመጣሽ ሱቁ ይዘጋል፤ እሳቸው ካረፉ ደግሞ ሰባት ሳምንቱን ሐዘን ትቀመጫለሽ፤ የዓመቱ ሻይ እዚህ ይሻግታል፤ ፈረንጁ መጥቶ ባዶ ሱቅ አይቶ ይመለሳል። ከተሸጠ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ለሻዩ ሣጥኖች ሚስማር ገዝቼ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ነበር። አሁን ምን እንደመሰለኝ አላውቅም።

ሻዩ ግን የእሳቸው ነው፣ ይህን እመኚኝ። እጃቸው አልነካውም፣ አልጋቸው ላይ ነበሩ። መዋጥ ቢያቅታቸውም አፍንጫቸው ደህና ነበር። ቅጠሉ ሲደርቅ ከግድግዳው ማዶ ያሸቱና በትራቸው ግድግዳውን ይመታሉ፣ ያን ጊዜ እሳቱን አስነሳለሁ። ደግመው ሲመቱ አወርደዋለሁ። እኔ ዝም ብዬ የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት። የመጨረሻውን ቅርጫት ሲጨርሱ ነው ያረፉት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። አስከሬኑን በትልቁ ክፍል አሳረፍነው፣ ሻዩ ከጀርባው ክፍል ነበረ። በዝናብ ወዴት አወጣዋለሁ? በሩን በብርድ ልብስ ደፈንኩት። ዘመድ ሁሉ መጣ፣ ሁሉም ዕጣን አቀጣጠለ፣ ቤቱ ጭስ ብቻ ሆነ። ከቀብሩ በኋላ ሻዩን እንደገና እሳት አሳየሁትና ቀመስኩት፤ ምንም አልሸተተኝም። ለዚያ ሁሉ ቀን ዕጣን ስስብ የሰነበትኩ ሰው ነኝ፣ አፍንጫዬ ምን ሊለይ? ባለቤቴ "ተው፣ የሌላ ሰው አፍንጫ ጠይቅ" ብላኝ ነበር። የሻይ ሠሪ ልጅ ነኝ ብዬ እምቢ አልኳት። ከሰል ብዬ የጻፍኩልሽ ምናልባት ብዬ ነው፣ ለመጠንቀቅ።

የፈረንጁን ነገር ሳነብላቸው መሳቃቸው እውነት ነው። ከጻፍኩልሽ ሁሉ ያ ብቻ እውነት ነው። ድምፅ የለውም፣ ሆዳቸው ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ግን ሳቁ።

ሻዩን ድፊው። በስማቸው እንዳይሸጥ። መቼ ትመጪያለሽ? ልትሰድቢኝም ቢሆን ነይ።

ሸንግፉ


ጓንግዡ፣ ጁን 14

ሸንግፉ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ።

አጎት ኬ እና ሊያኦ እየመጡ ይቀመጡልኛል። ሐዘን ያለበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ለንግዳቸው እንደማይበጅ ያውቃሉ፤ ሊያኦ "የእኔ ንግድ ድሮም ምን በጅቶት" ትላለች። አልቅሺ ይሉኛል። ብዙ ቀን አልወጣልኝም ነበር።

አቶ ማ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ማንም አልነገረውም፣ እንዴት ብለው ይንገሩት? አሞኝ የነበረ ነው የመሰለው። ብርቱካን ይዞልኝ መጥቷል። ተቀመጠና "በዚህ አገር ስዞር ብዙ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ እንደዚያ ቀኑ ያለ አላየሁም። ያለሽን ሁሉ እወስደዋለሁ" አለኝ። አይሸጥም አልኩት። ዋጋ የማስወጣ መስሎት እየሳቀ ጨመረ። አይሸጥም አልኩት። "እሺ፣ የሚመጣው ዓመት ይሁን" አለ፣ "አባትሽ እንዲሁ አድርገው ይሠሩልኛል?"

ሊያኦ ተነሥታ ወጣች።

እኔ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ስኒውን እስከ ጠርዙ ሞላሁለት። ከጠርዙ አልፎ እስኪፈስ ድረስ ቀዳሁ። አንድ ሕፃን እንኳ እዚህ አገር ስኒው ጢም ሲልበት ተነሥ መባሉን ያውቃል። እሱ ግን ደስ አለው። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ ጠጣልኝና በሁለት ጣቱ ደበደበልኝ፣ ቸር ነሽ አለኝ። እንደገና ሞላሁለት። እንደገና ጠጣው። እየቀዳሁለት ሳለ ነው ለቅሶው የወጣልኝ። አጎት ኬ ገብተው ውጭ አወጡትና ነገሩት። በመስታወቱ በኩል ሲሰማ አየሁት፤ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። ብርቱካኖቹ እዚህ ናቸው፣ እሱ ዳግም አልመጣም። እሱ ላይ ቂም የለኝም።

አንተ ላይ አለኝ። ሻዩ እንዳይሻግት ብለሃል። እሺ፣ አልሻገተም።

ድፊው ያልከኝን አላደርገውም፤ አልሸጠውምም። ጠዋት ጠዋት ከመክፈቴ በፊት እየቀዳሁ ብቻዬን እጠጣለሁ። ለቀብራቸው አልደረስኩም፣ ከቀብራቸው የደረሰኝ ይህ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ዕጣኑ ነው፤ ዘመዶቼ ሁሉ ቆመው እኔ የሌለሁበት ክፍል ይመጣብኛል። እዚያው ቅጠል ላይ የምጨምረው ሁለተኛው ውሃም እንደዚያው ነው። ከሦስተኛው በኋላ ዕጣኑ ይለቃል። ከዚያ አባባ ይመጣሉ፣ እንደ ድሮው፣ ምንም ሳይጎድላቸው። ውሃው ነጭ እስኪሆን ድረስ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።

ሲያልቅ እመጣለሁ። እስከዚያ አትጻፍልኝ። የመጀመሪያው ሣጥን ገና አልተጋመሰም።

ሜይጁ